በሽታውን የደበቀ፦ ወረርሽኝ ሲነሳ መረጃው በማን እጅ ነው?

ባለፈው በቪዲዮ ጀምረን ሰዓት ያልበቃንን ጉዳይ ዛሬ በጽሑፍ ሰፋ አድርገን ይዘንላችሁ መጥተናል። ጉዳዩ የበሽታዎች ቅኝት ይባላል። ስሙ ደረቅ ነው፣ እናውቃለን። ግን አገር ቤት እናት ወይም አባት ያለው ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ነው። እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር እንበል። አንደኛ፣ እኛ ሐኪሞች አይደለንም። ቀን ታክሲ የምንነዳ፣ ማታ የምናነብ ሰዎች ነን። ለመታከም ሐኪም ጋ ሂዱ፣ እኛ ጋ አትምጡ። ሁለተኛ፣ ዓመተ ምህረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ የራሳችንን ጥፋት እንናገር

በ2023 ክረምት ነው። አገር ቤት ኮሌራ ገብቷል። ታክሲ ማቆሚያ ላይ ተራ እየጠበቅን ሳለ አንድ የድምጽ መልእክት በዋትስአፕ ደረሰን። የሴት ድምጽ ነው፣ ታለቅሳለች። «የታመመውን ሁሉ ድንኳን ውስጥ እየከተቱት ነው፣ የገባ አይወጣም፣ ሰዎቻችሁን አድኑ» ትላለች። ማን እንደላከው፣ የት እንደተቀዳ፣ መቼ እንደተቀዳ አናውቅም። ማታ በቀጥታ ስርጭት አሰማነው። «ያልተረጋገጠ ነው» ብለን ነበር። ልቅሶ እየተሰማ «ያልተረጋገጠ» የሚለውን ቃል ማን ልብ ይለዋል?

በሦስተኛው ቀን አንዲት እህታችን ከጅዳ ደወለችልን። እናቷ ጸበል ከርመው ሲመለሱ ተቅማጥና ትውከት ጀምሯቸዋል። ጎረቤት ተሸክሞ ወደ ሕክምናው ድንኳን ሊወስዳቸው ሲነሳ፣ እሷ በስልክ «እንዳትወስዷት!» ብላ አስቆመች። ለምን? የእኛን ስርጭት ሰምታ ነዋ! እናትየው አንድ ሌሊት ሙሉ እቤት ተኙ። በማግስቱ የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቤት ለቤት ስትዞር አገኘቻቸው። ቤተሰቡን ለምና፣ ተከራክራ፣ አብራ ሄዳ አስገባቻቸው። ፈሳሹ በደም ስር ተሰጣቸው፣ በጥቂት ቀን ውስጥ በእግራቸው ወጡ።

እህታችን የደወለችው ልትሰድበን አልነበረም። «ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርሳችሁ መጀመሪያ ጠይቁ» ነው ያለችን። ብትሰድበን ይሻለን ነበር።

ኮሌራን ለማታውቁት፦ ይሄ በሽታ ሰውን የሚገድለው ከሰውነቱ ውሃ አሟጥጦ ነው። የጠናበት ሰው ካልታከመ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። በጊዜ ከታከመ ግን ከመቶ ሰው አንድ እንኳ አይሞትም። መድኃኒቱ በአብዛኛው ጨውና ስኳር ያለበት ንጹሕ ውሃ፣ ለጠናበት ደግሞ በደም ስር የሚሰጥ ፈሳሽ ነው። ስለዚህ በኮሌራ ጊዜ አንድ ሌሊት ቀላል ነገር አይደለም። እኛ ያስተላለፍነው ወሬ አንዲትን እናት አንድ ሌሊት አስከፍሏቸዋል። የሌሎቹን አናውቅም። የደወለችው አንዷ ናት።

ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ብለን ማንበብ የጀመርነው። ወረርሽኝ ሲነሳ ማን ያውቃል? ለማን ይናገራል? ለምንስ ይደበቃል? እኛስ በመሃሉ ምንድን ነን?

ቅኝት ማለት ምን ማለት ነው?

በሥራችን እናስረዳችሁ። አንድ ሾፌር መንገድ ላይ ቢጨናነቅበት «ዛሬ ቀኔ አይደለም» ብሎ ያልፈዋል። ማቆሚያው ላይ ግን አምስት ሾፌር ተሰብስቦ አምስቱም አንድ ድልድይ ላይ መቆማቸውን ሲያወሩ፣ ያኔ ድልድዩ ላይ አንድ ነገር እንዳለ ይታወቃል። ማንም ብቻውን አላወቀም። ያወቁት ሲነጋገሩ ነው።

በሽታም እንደዚሁ ነው። አንድ ሐኪም አንድ ትኩሳት ያለበት ሰው ቢያይ ወባ ሊሆን ይችላል። አንድ ክሊኒክ ሁለት ተቅማጥ ቢያይ የተበላሸ ምግብ ነው ይባላል። የአስሩ ክሊኒክ ወሬ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲደመር ነው ወረርሽኝ መሆኑ የሚታየው። ያ የመደመር ሥራ ነው ቅኝት የሚባለው። በቃ፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሥራው የሚመራው በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው። የድሮ ሰዎች ፓስተር የምትሉት ግቢ ማለት ነው። ሰንሰለቱ ግን የሚጀምረው ከታች ነው፣ ያቺን እናት ካተረፈችው ልጅ። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ2003 ተጀምሮ ዛሬ ከ30 ሺህ በላይ ሠራተኞች አሉት፣ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ከእነሱ ወሬው ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያ ወደ ወረዳ፣ ከዚያ ወደ ዞን፣ ወደ ክልል፣ መጨረሻ አዲስ አበባ ይደርሳል።

ሪፖርቱ ሁለት ዓይነት ነው። እንደ ወባ፣ ታይፎይድና ማጅራት ገትር ያሉት ቁጥራቸው በየሳምንቱ ይላካል። እንደ ኮሌራ፣ ኩፍኝ፣ ፖሊዮ፣ ቢጫ ወባ፣ ደም የሚያፈስ ትኩሳት ያሉት ግን ሳምንት አይጠበቅላቸውም። አንድ ተጠርጣሪ እንኳ ከታየ ወዲያው ይነገራል። በመመሪያው ላይ ጤና ጣቢያው ለወረዳው ለማሳወቅ ያለው ጊዜ 30 ደቂቃ ነው። ወረዳውም ወደ ላይ ለማስተላለፍ ሌላ 30 ደቂቃ አለው፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ወረቀቱ ላይ ካያችሁት ከቀበሌ አዲስ አበባ ለመድረስ ግማሽ ቀን እንኳ አይፈጅም።

መሬት ላይ ግን ኔትወርክ ይጠፋል፣ መብራት ይጠፋል፣ መንገድ በጦርነት ይዘጋል፣ ሠራተኛዋ ደመወዝ ይዘገይባታል። ናሙናው ተልኮ ተመርምሮ ውጤቱ እስኪመለስ ደግሞ ቀናት አሉ። በዓለም ላይ ዛሬ የሚሠራበት አንድ መለኪያ አለ፣ ሰባት አንድ ሰባት ይሉታል። በሽታው ከተነሳ በሰባት ቀን ውስጥ መታወቅ፣ ከታወቀ በአንድ ቀን መነገር፣ ከተነገረ በሰባት ቀን ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ዋና ዋና የምላሽ ሥራዎች መጠናቀቅ አለባቸው ነው ነገሩ። ኢትዮጵያን ጨምሮ አምስት አገሮች በዚህ ሲለኩ ሦስቱንም ያሟሉት ክስተቶች ከሩብ ብዙም አልበለጡም። ጥናቱ ውስጥ ብራዚልም ነበረችበት። እንግዲህ ችግሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም ማለት ነው።

መረጃው ለምን በፍጥነት መጋራት እንዳለበት አንድ ምሳሌ ብቻ እንይ። በዚያው በ2023 ክረምት ምዕራብ ጎንደር፣ ቋራ ውስጥ፣ በርሜል ጊዮርጊስ ጸበል ቦታ ላይ ኮሌራ ተነስቶ ነበር። ጸበልተኛው ከየአገሩ የመጣ ነው። ሲመለስም ወደየአገሩ ይበተናል። ቋራ ያለው ባለሙያ ያየውን፣ ጸበልተኛው በሚመለስበት ወረዳ ያለው ባለሙያ አውቶቡሱ ከመድረሱ በፊት ካልሰማ፣ ቋራ ላይ ያለው ሥራ ቢያምር ምን ይጠቅማል? ወረርሽኝ የወረዳ ድንበር አያውቅም። መረጃውም ማወቅ የለበትም።

ወሬ ጠላት አይደለም፣ ቦታው ነው የሚጠፋበት

እዚህ ላይ ብዙዎቻችሁ «ታዲያ ወሬ አታውሩ ልትሉን ነው?» ትላላችሁ። አይደለም! ስናነብ የገረመን ነገር ይሄ ነው። በቅኝት ሥራ ውስጥ ወሬ ይፈለጋል። ከቀበሌም፣ ከጤና ጣቢያም፣ ከጋዜጣም የሚሰማው ጭምጭምታ ተመዝግቦ፣ ሰው ተልኮ ይጣራል። ሕዝቡ ከላቦራቶሪው ቀድሞ ነው የሚያውቀው።

በ2003 ሳርስ የተባለው በሽታ እንዴት እንደታወቀ ተመልከቱ። በሽታው ከ2002 መጨረሻ ጀምሮ በደቡብ ቻይና ጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር ሰው ይገድል ነበር። መንግሥት ዝም ብሏል። ፌብሯሪ 10 ቀን አንድ አሜሪካዊ ሐኪም ከአንድ ወዳጁ የሰማውን ወሬ ፕሮሜድ ለሚባለው የሐኪሞች የኢሜይል መረብ ላከው። መልእክቱ ጥያቄ ነበር፦ ጓንግዡ ውስጥ ሆስፒታል ተዘግቷል፣ ሰው እየሞተ ነው ይባላል፣ የሰማ አለ ወይ? በማግስቱ የቻይና ባለሥልጣናት 305 ሰው መታመሙን፣ 5 ሰው መሞቱን አመኑ። ግን ረፍዷል። በዚያው ወር በጓንግዶንግ ሕሙማንን ያከሙ አንድ ሐኪም ታመው ሆንግ ኮንግ ሆቴል አደሩ። እዚያው ሆቴል ያረፉ እንግዶች በሽታውን ይዘው ወደ ቬትናም፣ ወደ ሲንጋፖር፣ ወደ ካናዳ በረሩ። እስኪቆም ድረስ ከ8 ሺህ በላይ ሰው ታመመ፣ 774 ሰው ሞተ።

ልብ በሉ፣ ያ ሐኪም የሰማውን ወሬ «እወቁ» ብሎ አልነዛውም። ማጣራት ለሚችሉ ሰዎች «እውነት ነው ወይ?» ብሎ ጠየቀ። እኛ ያንን የልቅሶ ድምጽ ያሰማነው ምንም ማጣራት ለማይችል፣ ከመፍራት በቀር ሌላ አማራጭ ለሌለው ሰው ነው። የያዝነው ነገር ተመሳሳይ ነበር። የላክንበት አድራሻ ነው የተለያየው።

ከሳርስ በኋላ ዓለም አንድ ነገር ተማረ። በ2005 የጸደቀው፣ በ2007 ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ የጤና ደንብ 196 አገሮችን ያስገድዳል። ለሌላው ዓለም የሚያሰጋ ነገር ያየ አገር ጉዳዩን በመዘነ በ24 ሰዓት ውስጥ ለዓለም ጤና ድርጅት ማሳወቅ አለበት። ከዚያም በላይ ድርጅቱ ከመንግሥት ውጭ የሚመጣን ወሬ ሰምቶ መንግሥትን «ይሄ እውነት ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ ተፈቅዶለታል። የመንግሥት አፍ ብቻ አይበቃም ተባለ ማለት ነው።

ታዲያ ለምን ይደበቃል?

አገራችን ላይ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ሁላችንም እናውቀዋለን። ግን ደባቂውን ከመስደባችን በፊት ለምን እንደሚደብቅ እንጠይቅ።

በ1991 ፔሩ ኮሌራ ሲገባባት ለዓለም ተናገረች። ምላሹ ምን ነበር? ዓሣዋን የሚገዛት ጠፋ። በኖቬምበር 2021 የደቡብ አፍሪካ ሳይንቲስቶች ኦሚክሮን የተባለውን አዲሱን የኮሮና ዝርያ አገኙ፣ ሳይውሉ ሳያድሩም ለዓለም ተናገሩ። በማግስቱ አውሮፓ በሩን ዘጋ። አሜሪካ ከስምንት የደቡብ አፍሪካ ክፍል አገሮች የሚመጣን መንገደኛ ከለከለች። የሚገርመው ነገር፣ ኋላ ሲጣራ ኔዘርላንድስ ውስጥ ደቡብ አፍሪካ ከመናገሯ በፊት በተወሰደ ናሙና ውስጥ ያው ዝርያ ተገኝቷል። የተቀጣችው በሽታውን ያመጣችው አገር አይደለችም፣ የተናገረችው ናት። ይሄን ያየ የሌላ አገር ሚኒስትር ነገ ምን ይማራል? ዝም ማለትን!

ወደ ቤታችን እንምጣ። አተት የሚለውን ቃል የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ማለት ነው። ከ2006 ጀምሮ ለዓመታት ወረርሽኙ በተነሳ ቁጥር በይፋ የሚነገረው ስም ይሄ ነበር። «ኮሌራ» የሚለው ቃል አይጠራም። አተት የምልክቶች ስም ነው፣ ኮሌራ ደግሞ የበሽታው ስም ነው። አንድ ሰው «ሳል ይዞኛል» ብሎ የሳንባ ነቀርሳውን እንደመደበቅ ነው። ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም የዓለም ጤና ድርጅትን ለመምራት በ2017 ሲወዳደሩ ጤና ጥበቃ ሚኒስትር በነበሩበት ጊዜ ወረርሽኙ ተሸፋፍኗል የሚል ክስ ቀርቦባቸዋል። እሳቸው ክሱን አስተባብለዋል፣ በሩቅ ቦታ የላቦራቶሪ ምርመራ አስቸጋሪ እንደነበር ተናግረዋል። ፍርዱን ለእናንተ እንተዋለን። እኛን የሚያሳስበን ስሙ ሲቀየር ምን እንደሚጠፋ ነው።

አንደኛ፣ የኮሌራ ክትባት አለ። በአፍ የሚወሰድ ነው፣ ለዓለም የሚሆን ክምችትም አለው። ከዚያ ለመጠየቅ ግን «ኮሌራ አለብኝ» ማለት ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ጎረቤት አገር ሱማሊያ፣ ኬንያ፣ ሱዳን እንዲዘጋጅ ስሙን መስማት አለበት። ሦስተኛውና ትልቁ፣ ሕዝቡ መንግሥት አንድ ጊዜ ስም እንደደበቀ ካወቀ፣ ቀጥሎ እውነቱን ሲናገርም አያምነውም። እኛ ያሰማነው የልቅሶ ድምጽ ለምን ታመነ? ያቺ ጅዳ ያለች እህታችን ለምን ከጤና ሠራተኛ ይልቅ እኛን አመነች? ቀድሞ የተሸፋፈነ ነገር ስላለ ነው። ወሬኛን የሚወልደው ዝምታ ነው።

ደግሞ ደጉን ደግ እንበል። በ2019 ወረርሽኝ ሲነሳ ጤና ሚኒስቴር ኮሌራ ነው ብሎ በስሙ ጠራው። ከዚያ ወዲህም በስሙ ይጠራል። ሰማዩ አልወደቀም።

ሲናገሩ ምን ይሆናል?

ሌጎስን እንውሰድ። ብዙ ሚሊዮን ሰው የሚኖርባት፣ ትርምሷ ከመርካቶ የሚብስ ከተማ ናት። ጁላይ 20 ቀን 2014 አንድ የታመመ መንገደኛ ከላይቤሪያ በአውሮፕላን ገባ። ኢቦላ ነበረበት። ዶክተር ስቴላ አዳዴቮህ የተባሉ ሐኪም ጠረጠሩ። ልቀቁት የሚል ጫና ቢመጣባቸውም አልለቅም አሉ፣ ለባለሥልጣናት አሳወቁ። ናይጄሪያ ወዲያው በይፋ ተናገረች። 894 ሰዎች ንክኪ ነበራቸው ተብለው ተመዘገቡ። ጤና ሠራተኞች እነሱን ለመከታተል ቤት ለቤት ወደ 18,500 ጊዜ ተመላለሱ። መጨረሻ ላይ 20 ሰው ታመመ፣ 8 ሰው ሞተ። ከሟቾቹ አንዷ ዶክተር አዳዴቮህ ራሳቸው ናቸው። ኦክቶበር 20 ቀን አገሪቱ ነጻ ተባለች። በጊኒ፣ በላይቤሪያና በሴራሊዮን የተነሳው ያው ኢቦላ ከ11 ሺህ በላይ ሰው ጨርሷል።

ግን እዚያው ናይጄሪያ፣ በዚያው ሰሞን፣ አንድ መልእክት በስልክ ይዞር ነበር፦ «በጨው ውሃ ታጠቡ፣ ጠጡትም፣ ከኢቦላ ያድናል» የሚል። ሰው በደግነት ነው የላከው፣ ለእናቱ፣ ለእህቱ። ጨው አብዝተው የወሰዱ ሰዎች ሆስፒታል ገቡ፣ ሁለት ሰዎች መሞታቸውም በወቅቱ ተዘግቧል። ኢቦላ ያልነካቸውን ሰዎች መልእክቱ ገደላቸው።

በቅርቡም ሩዋንዳ አለች። ሴፕቴምበር 2024 ማርበርግ ገባባት። ማርበርግ የኢቦላ ዘመድ ነው፣ በአንዳንድ ወረርሽኞች ከያዛቸው ከግማሽ በላይ ገድሏል። ሩዋንዳ በይፋ ተናገረች፣ ቁጥሩን በየጊዜው አወጣች፣ እርዳታው ቶሎ መጣ። ከ66 ሕሙማን የሞቱት 15 ናቸው። ብዙዎቹ የታመሙት ራሳቸው የጤና ባለሙያዎች ነበሩ።

ከዚያ ተራው የእኛ ሆነ። ኖቬምበር 14 ቀን 2025 ጤና ሚኒስቴር በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ ጂንካ ላይ ማርበርግ መገኘቱን አረጋገጠ። በአገራችን ታሪክ የመጀመሪያው ነው። ከሞቱት ውስጥ የጤና ባለሙያዎች ይገኙበታል። ነፍስ ይማር። ናሙናው የተመረመረው እዚያው አዲስ አበባ ነው። ስሙ በስሙ ተጠራ፣ የዓለም ጤና ድርጅትም ወዲያው ገባ። በጃንዋሪ 2026 መጨረሻ ላይ ማብቃቱ ታወጀ። እኛ መንግሥትን በብዙ ነገር የምንተች መሆናችንን ታውቃላችሁ። በዚህኛው ግን ሥራ ተሠርቷል። መተቸት እንጂ ማመስገን አትችሉም እንዳንባል፣ በተለይ ታች ላለው ሠራተኛ ምስጋና ይገባዋል።

አሁን ለምን አሳሰበን?

ቅኝት ገንዘብ ይፈልጋል። የላቦራቶሪ መመርመሪያው፣ የናሙና ማጓጓዣው፣ የባለሙያ ሥልጠናው ለብዙ ዓመታት ጥሩ ድርሻው ከውጭ እርዳታ የሚመጣ ነበር። በጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ፕሬዝዳንት ትራምፕ አሜሪካን ከዓለም ጤና ድርጅት የሚያስወጣውን ትእዛዝ ፈረሙ። በዚያው ዓመት ዩኤስኤይድ ተዘጋ። ፖለቲካውን ደግፉትም ተቃወሙትም፣ ውጤቱ አንድ ነው፤ ጆሮ የነበረበት ቦታ ጆሮ ይቀንሳል። ጆሮ ሲቀንስ ደግሞ ወሬ ይበዛል። ያንን ወሬ የሚቀበለው ማን ነው? እኛና እናንተ ነን።

እኛ ውጭ ያለነው ሰዎች መረጃ አስተላላፊ ነን፣ ወደድንም ጠላንም። አገር ቤት ያለች እናት በሬዲዮ የሰማችውን ትጠራጠራለች፣ ልጇ ከሪያድ ወይም ከዴንቨር በስልክ የነገራትን ግን ታምናለች። ገንዘብ የምንልከው እኛ፣ መድኃኒት የምንልከው እኛ፣ «ሂጂ» «አትሂጂ» የምንለውም እኛ። ይሄ ትልቅ ሥልጣን ነው። ማንም አልመረጠንም፣ ግን በእጃችን ነው።

ስለዚህ እኛ ለራሳችን ደንብ አውጥተናል፣ እናንተም ብትይዙት ደስ ይለናል።

አንደኛ፣ የድምጽ መልእክት ሲደርሰን ሦስት ጥያቄ እንጠይቃለን፦ የት? መቼ? የተናገረው ሰው ራሱ አይቷል ወይስ ሰምቶ ነው? ሦስቱም ካልተመለሱ አናሰማም። ድምጹ ቢያለቅስም አናሰማም።

ሁለተኛ፣ ከተመለሱ ደግሞ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ስክሪን አይደለም። አገር ቤት ያለው ሰው 8335 ወይም 952 ላይ እንዲደውል እንነግረዋለን። ወይም በአካል ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይንገር። «በእኛ መንደር በዚህ ሳምንት ሦስት ሰው እንዲህ ሆነ» ማለት በቂ ነው። የበሽታውን ስም ማወቅ አያስፈልግም። ያንን ማወቅ የእነሱ ሥራ ነው።

ሦስተኛ፣ ተነግሮ ዝም ከተባለ፣ ያኔ እንጮኻለን። ማን እንደተነገረው፣ መቼ እንደተነገረው፣ ምን እንደመለሰ ይዘን እንጮኻለን። ዝም በሉ አላልንም። መጮኹ ቦታ አለው።

አራተኛ፣ የምናስተላልፈው ነገር ሰውን ከሕክምና የሚያርቅ ከሆነ፣ እውነት ቢመስለንም እንኳ ሁለት ጊዜ እናስባለን። የሕክምናው ቦታ ችግር ካለበት ችግሩን እንናገራለን፣ ከዚያው ጋር ግን የታመመ ሰው የት ይሂድ የሚለውንም እንናገራለን። ይሄን ያስተማረችን የጅዳዋ እህታችን ናት።

አምስተኛ፣ ተሳስተን ከሆነ ስህተቱን ባሰማንበት ሰዓት፣ ባሰማንበት ድምጽ እናርማለን። ያኔ በ2023 ይሄን አላደረግንም። ቪዲዮውን ዝም ብለን አነሳነው። ማንሳት ማረም አይደለም። የሰማው ሰው ሰምቷል።

ለመንግሥትም አንድ ቃል አለን። ስሙን በስሙ ጥሩት፣ ቁጥሩን በየሳምንቱ አውጡት፣ መጥፎ ሲሆንም አውጡት። እናንተ ዝም ባላችሁ ቁጥር የእኛ ዓይነቱ ማይክ የያዘ ሁሉ ሐኪም ይሆናል። የሀብታም አገሮችም የተናገረን አትቅጡ። የተናገረውን የቀጣ ሰው ቀጣዩን በሽታ የሚሰማው በራሱ በር ላይ ነው።

እናትየው ደህና ናቸው፣ በቅርቡ ጠይቀናል። ያቺ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እስካሁን ቤት ለቤት እየዞረች ነው። ስሟን እናውቀዋለን፣ አንናገረውም፣ እሷም አልፈቀደችም። ማስተላለፍ ካለብን ግን የእሷን ሥራ ነው ማስተላለፍ ያለብን።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? አገር ቤት ደውላችሁ «አትሂዱ» ያላችሁበት ጊዜ አለ? ጻፉልን፣ በሚቀጥለው ፕሮግራም እናነበዋለን። እስከዚያው ለቤተሰብ ደውሉ። ስትደውሉ ግን ከመንገራችሁ በፊት ጠይቁ።

ሰላም ሰንብቱ።